ላፕቶፕዎን ራስዎ ከፈቱት? እንግዲያው ጉዳቱንም ራስዎ ይፈትሹ

«ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሆኑ የገባኝ ባለፈው በጋ በአንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ታናሽ እህቴ ላፕቶፗ እንደ ምድጃ እየጋለ፣ ማራገቢያውም እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸ እንዳስቸገራት ነገረችኝ እንጂ «ክፈትልኝ» አላለችኝም። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፏን ለማቅረብ የቀራት 12 ቀን ነበር። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ቪዲዮ አይቶ ራሱን ከባለሙያ ከሚቆጥረው ወገን ነኝና «አቧራ ነው፤ ተይልኝ፣ ጠርጌ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

እንዳልኩትም አደረግሁ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ፣ በትንሽ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈትቼ የጀርባውን ክዳን አነሣሁ። ማራገቢያው ላይ የተጋገረው አቧራ የድመት ፀጉር ይመስላል። ጠረግሁ። ራሞቹን ነቅዬ አበስኩ። የፕሮሰሰሩን ፔስት ቀየርሁ። ከዚያ ዘጋሁት። ስጨርስ ጋዜጣው ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን ተርፋለች። «ትርፍ ትሆናለች» ብዬ ወደ ጎን አድርጌ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫንሁ። ዝም። ደግሜ ተጫንሁ። አሁንም ዝም።

ስልክ ደወልሁላት። «ጽሑፍሽ ሌላ ቦታ ኮፒ አለው?»

«የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች እዚያው ላይ ናቸው። ምነው?»

«ምንም፤ እንዲያው ነው» አልኳት። ዋሸሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት የተማርኩትን ለማካፈል ነው ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት። ብዙዎቻችን እንጀራችን ላፕቶፕ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ «ተበላሸ? ሌላ ይገዛል» ማለት የማይቻል ሆኗል። አብዛኛው ላፕቶፕ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚገባ በመሆኑም ዋስትና የሚባለው ነገር አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ሰዉ ይከፍታል። መክፈቱ ነውር የለበትም። ችግሩ ከዘጋን በኋላ ምን እንደጎዳን የምናውቅበት መንገድ ስለሌለን ነው።

መጀመሪያ እጅዎን ይሰብስቡ

ከመክፈት ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ከከፈቱ በኋላ የሚመጣው ድንጋጤ ነው። ሰው ሲደነግጥ ቁልፉን ሃያ ጊዜ ይጫናል፣ የጎረቤት ቻርጀር ይሰካል፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ ክዳኑን ይከፍታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይሄ ነው። ላፕቶፑ አልነሣ ካለዎ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ የማስነሻውን ቁልፍ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ተጭነው ይያዙና ይልቀቁ። ይህም ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ብቻውን መድኃኒት ይሆናል።

ቀጥሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ያንሡ። የነኩትን ሁሉ በነኩበት ቅደም ተከተል ይጻፉ። የእኔ ዝርዝር ስድስት ነገር ነበረው፦ የባትሪው መሰኪያ፣ ማራገቢያው፣ ሁለቱ ራሞች፣ ሙቀት የሚያስወጣው መዳብ፣ ገፋ ያደረግኋቸው የዋይፋይ ገመዶች፣ ሳላስበው የጎተትሁት የታችፓዱ ጠፍጣፋ ገመድ። ይህ ዝርዝር የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ነው። ያልነኩት ዕቃ በዚያችው ሰዓት በአጋጣሚ የመበላሸት ዕድሉ ከነኩት ያነሰ ነውና ፍለጋውን ከዚያ ይጀምሩ።

የሞተ የሚመስል፣ ያልሞተ

ላፕቶፕ ከተከፈተ በኋላ የሚያሳያቸው፣ ሰውን በከንቱ የሚያስደነግጡ ጠባዮች አሉ።

አንደኛ፦ በብዙ ሞዴሎች የባትሪው መሰኪያ ተነቅሎ ሲመለስ ባትሪው «ተኝቶ» ይቆያል። ቁልፉን ቢጫኑትም አይሰማም። ቻርጀር ሲሰካለት ግን ይነቃል። የእኔው ዝምታ ግማሽ ምክንያት ይሄ ነበር።

ሁለተኛ፦ ራም ከተነካ ወይም የባዮስ መረጃ ከጠፋ ማሽኑ ራሙን እንደ አዲስ ይለማመዳል። በዚህ ጊዜ መብራቱ በርቶ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል፤ በተለይ ዲዲአር 5 ራም ባላቸው አዳዲስ ማሽኖች ላይ። ቻርጀሩን እንደሰኩ አሥር ደቂቃ ይታገሡት። በመሐል ካጠፉት ልምምዱን ከሀ ይጀምራል።

ሦስተኛ፦ ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ተመልሶ ሊያገኙት ይችላሉ። ይህም ሰዓቱን የሚይዘው ትንሽ ባትሪ በመነቀሉ ወይም በማለቁ ነው። ያስተካክሉት። ካላስተካከሉት ብዙ ድረ ገጾች «ደኅንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም፤ እርስዎም ዋይፋዩ የተበላሸ ይመስልዎታል።

አራተኛ፦ ዊንዶውስ «ቢትሎከር» የሚባለውን ቁልፍ የሚጠይቅ ሰማያዊ ገጽ ሊያመጣ ይችላል። የሃርድዌር ወይም የባዮስ ለውጥ ሲያይ «ይህ ሌባ ይሆን?» ብሎ መጠርጠሩ ነው። የሚጠይቀው 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ላፕቶፑ ሲዘጋጅ በተመዘገበው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል፤ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ ገብቶ ማየት ይቻላል። ማሽኑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ቁጥሩ ያለው የአይቲ ክፍሉ ዘንድ ነው። ቁጥሩ ከሌለ ግን ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም ሰነዱ አይገኝም። ስለዚህ ክዳን ከማንሣትዎ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይገልብጡ።

አምስተኛ፦ አንዳንድ ለመሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሞዴሎች ክዳናቸው መነሣቱን መዝግበው ሲነሡ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። ማስጠንቀቂያው የብልሽት ምልክት አይደለም።

የእህቴ ላፕቶፕ ቻርጀር ሲሰካለት መብራቱ በራ፤ ማራገቢያውም ዞረ። ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ቀረ። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። የካፕስ ሎክ መብራት ብቻ ጥቅስ፣ ጥቅስ ይላል። ይህ ጥቅሻ ቋንቋ ነው። ማሽኑ ስክሪን ማብራት ሲያቅተው በመብራት ብልጭታ ወይም በጩኸት ቁጥር የታመመውን ክፍል ይናገራል። የቁጥሩ ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለይ ብልጭታውን ቆጥሮ በዚያው ሞዴል የጥገና መመሪያ ላይ መፈለግ ነው። የእኔው ቆጠራ ያመለከተው ወደ ራሙ ነው።

ዳግመኛ ሲከፍቱ

እንደገና ከመክፈትዎ በፊት ቻርጀሩን ይንቀሉ። ክዳኑ እንደተነሣ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን መሰኪያ መንቀል ነው። ባትሪ ተሰክቶ ሳለ ሌላ ገመድ መንካት፣ በተለይም የስክሪኑን ገመድ፣ አንዲት ትንሽ ፊውዝ አቃጥሎ ስክሪን ሊያጨልም ይችላል። ሥራውን በቀን ብርሃን ያድርጉት፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሡና እያጎሉ ይመልከቱ። ከዚያ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈትሹ።

ባትሪው፦ ገጹ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። አብጦ ከሆነ፣ በካቻቢቴ ጫፍ የተነካ ጠባሳ ካለው ወይም ጣፋጭ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ካለው ሥራው እዚያው ላይ ይቁም። ሊቲየም ባትሪ ሲበሳ ውስጡ ኮንታክት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ ራሱን በራሱ እያባባሰ ወደ እሳት ይሄዳል። ያበጠ ባትሪ ከውጭም ይታወቃል፤ ታችፓዱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ይወዛወዛል፣ ክዳኑ አልገጥም ይላል። አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ቻርጅም አያድርጉት። ምትክ ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ ተጠባባቂ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጫነው በእጅ ሻንጣ ብቻ መሆኑንና እስከ 100 ዋት አወር ድረስ ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፍ መሆኑን ለዘመድዎ ይንገሩት።

ብሎኖቹ፦ የላፕቶፕ ብሎን ሁሉ ርዝመቱ አንድ አይደለም። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ጫፉ ማዘርቦርዱን ይወጋል። ማዘርቦርድ ደግሞ በመካከሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች በብዙ ድርብ የተነባበሩበት ሰሌዳ ነው። አንድ መስመር ከተቆረጠ ከላይ የምትታየው ትንሽ ነጥብ ብቻ ናት። ምልክቱን ልንገርዎ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ከመጨረሻው በፊት ይከብዳል፤ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ሲገባ ደግሞ ሳይነክስ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። በቀኝ በኩል ያለው አንዱ ብሎን ሲከብደኝ «ዝገት ይሆናል» ብዬ ጨምሬ አጥብቄዋለሁ። ፈትቼ ሳየው ከሥሩ ማዘርቦርዱ ላይ ቡግር የምታህል ስርጉድ አለች። ልቤ ስርጉዷን አይቶ ወደቀ።

የተረፈችውስ? «ትርፍ» የምትባል ብሎን እንደሌለች ያኔ ተማርሁ። ቦታዋ ኤስኤስዲውን የምትይዘው ጫፍ ላይ ነበር። ያለ እሷ ኤስኤስዲው ጫፉ ቀና ብሎ ስለሚቆም ከሶኬቱ ሊላቀቅ ይችላል። ውስጥ ወድቃ የቀረች ብሎን ካለች ደግሞ የባሰ ነው፤ ባትሪው እንደተነቀለ ላፕቶፑን ቀስ ብለው ያዘንብሉና ኮረር የሚል ድምፅ እንዳለ ያዳምጡ።

ጠፍጣፋ ገመዶቹ፦ የኪቦርድና የታችፓድ ገመዶች እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ናቸው። የሚገቡበት ሶኬት ቀና ብላ የምትከፈት፣ ተኝታ የምትቆለፍ ሚስማር የማታህል መቆለፊያ አለችው። ገመዱ ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቆለፊያዋ መተኛት አለባት። ገመዱ ላይ ብዙውን ጊዜ ነጭ መስመር ይኖራል፤ መስመሩ ከሶኬቱ አፍ ጋር ትይዩ ካልሆነ ገመዱ ተንጋድዷል ማለት ነው። በጉልበት አይግፉት፤ በወረንጦ ጫፍ ቀስ አድርገው ያስተካክሉት።

የዋይፋይ ገመዶች፦ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ የሆኑ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ከካርዱ ላይ እንደ ልብስ ቁልፍ ይገጠማሉ። ከተላቀቁ ዋይፋዩ አይጠፋም፤ ራውተሩ አጠገብ ሲሆኑ ይሠራል፣ መኝታ ቤት ሲገቡ ይጠፋል።

በጥቂቱ ማስነሣት

ዓይን ካልበቃ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ላፕቶፑን ለመነሣት የግድ ከሚያስፈልገው በስተቀር ከሁሉም ነገር ማራቆት። ኤስኤስዲውን፣ የዋይፋይ ካርዱንና ከሁለቱ ራሞች አንዱን ያውጡ። በአንድ ራም ብቻ ያስነሡት። የአምራቹ አርማ ስክሪኑ ላይ ከታየ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ስክሪኑ ደኅና ናቸው። ከዚያ አጥፍተው፣ ባትሪውን ነቅለው፣ አንድ ዕቃ ይጨምራሉ፤ ያስነሣሉ። እንደገና አጥፍተው አንድ ይጨምራሉ። ሲጨመር ያስቆመው እሱ ነው ጥፋተኛው። ሁለት ዕቃ ባንድ ጊዜ ከጨመሩ ግን ምስክሩ ይምታታብዎታል።

ስክሪኑ ጨልሞ ማሽኑ የሚሠራ ከመሰለዎት በጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ስክሪኑ ላይ በሰያፍ ያብሩበት። ደብዛዛ ምስል ከታየ ስክሪኑ አልሞተም፤ የሞተው ከጀርባው የሚያበራው መብራት ወይም ፊውዙ ነው። ምንም ካልታየ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኙት። ቴሌቪዥኑ ካሳየ ጥርጣሬው ወደ ስክሪኑና ወደ ገመዱ ይጠባል።

ጭራሽ መብራት ከሌለ ደግሞ ቻርጀሩን ይመርምሩ። ድቡልቡል ጫፍ ያለው ቻርጀር በመልቲሜትር ሲለካ ጀርባው ላይ የተጻፈውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ19 እስከ 20 የሆነውን ቮልት መስጠት አለበት። ዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ግን በ5 ቮልት ይጀምርና ከላፕቶፑ ጋር ተስማምቶ ነው ወደ 20 የሚወጣው፤ ለብቻው ሲለካ 5 ቢያሳይ ተበላሸ አይባልም።

የእኔ ጥፋት አንደኛው ራም ላይ ተገኘ። ራም ሰያፍ ገብቶ ወደ ታች ሲጫኑት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት መያዣዎች ቀጭ ብለው መንከስ አለባቸው። የእኔው በአንድ ወገን ብቻ ነክሶ ቀርቷል። ነቅዬ በትክክል ስመልሰውና ሳስነሣው አርማው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። እንደ ልጅ ዘለልሁ ብልዎ ማጋነን አይደለም።

ተነሣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማሽኑ እንደተነሣ ጨዋታ ከፍቶ ወይም ፊልም አጫውቶ «ይኸው ይሠራል» ይላል። የተጎዳ ማሽን ግን ለአንድ ሰዓት ብቻ ተነሥቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፈተና ሳይሆን ኮፒ ነው። እኔም ምንም ሳልነካ የእህቴን ጽሑፍ በሁለት ፍላሽ ገለበጥሁ፤ ለራሷም በኢሜይል ላክሁላት።

ያልተነሣለትም ተስፋ አይቁረጥ። ኤስኤስዲው ተነቃይ ከሆነ አውጥቶ፣ ለዓይነቱ የሚስማማ የዩኤስቢ ማቀፊያ ገዝቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ይቻላል። ቢትሎከር ካለው ያችው 48 አሃዝ ትጠየቃለች። በአንዳንድ ሞዴሎች ግን ማከማቻው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ይህ መንገድ ዝግ ነው። የቆየ፣ የሚዞር ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው ደግሞ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማ ወዲያው ያጥፋው፤ ደጋግሞ ማስነሣት የቀረውንም ይፍቃል።

ኮፒው ካለቀ በኋላ ፈተናው ይጀመራል። «ካልታዘልኩ አላምንም» እንዳለችው ሙሽራ አንድ በአንድ ካልሞከሩ አይመኑ።

1. ሙቀት። የሙቀት መጠን የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። ማሽኑ ሥራ ሳይኖረው ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በከባድ ሥራ ላይ በ80ዎቹና በ90ዎቹ ቢደርስ የሚያስደነግጥ አይደለም። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ቀላል ሥራ ሲሰጠው በሰከንዶች ውስጥ ወደ 95 የሚዘል ከሆነ ግን መዳቡ ፕሮሰሰሩ ላይ በደንብ አልተቀመጠም። የመዳቡ ብሎኖች አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚሉ ቁጥሮች ያሉት በዚያ ቅደም ተከተል፣ ጥቂት በጥቂት እንዲጠብቁ ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ዝቅ ያለ ነው። እዚህ አገር የተጠረገ ማራገቢያ ቅንጦት ያልሆነው ለዚህ ነው።

2. ራም። ዊንዶውስ ውስጥ «ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ» የሚባል መፈተሻ አለ፤ ማሽኑን አስነሥቶ ራሱ ይሠራል። አንድ ስሕተት እንኳ ካገኘ ራሙን ነቅሎ መመለስ፣ ካልሆነም መቀየር ነው። ራሙ ከመከፈቱ በፊት የነበረውን ያህል መጠን ማሳየቱንም ያረጋግጡ።

3. የአምራቹ መፈተሻ። ዴል ሲነሣ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ደግሞ ኢስኬፕ ቀጥሎም ኤፍ 2 በመጫን ዊንዶውስ ሳይገባ ሃርድዌሩን የሚፈትሽ ፕሮግራም ያገኛሉ። ማራገቢያ፣ ዲስክ፣ ራም፣ ባትሪ ሁሉንም ያያል።

4. ባትሪ። የዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን። ለምሳሌ 50,000 ሚሊዋት አወር የነበረው 30,000 ከያዘ 60 በመቶ ቀርቶታል። ይህ እርጅና እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ቻርጅ የማያደርግ ወይም ከ40 በመቶ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ ግን መሰኪያውን መልሰው ይዩት።

5. የቀሩት። የኪቦርዱን ቁልፎች በሙሉ፣ ታችፓዱን፣ ካሜራውን፣ ማይኩን፣ ሁለቱንም ድምፅ ማጉያ፣ እያንዳንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ዋይፋዩን በርቀት ይሞክሩ። ክዳኑን ቀስ እያሉ ሲከፍቱና ሲዘጉ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ የስክሪኑ ገመድ ማጠፊያው ዘንድ ተቆንጥጧል።

የእኔን ውጤት ልንገርዎ። ታችፓዱ አልሠራም ነበር፤ መቆለፊያዋን አስተኝቼ ተስተካከለ። ዋይፋዩ ደክሟል፤ ነጩ ገመድ ተላቆ ነበር፣ መለስሁት። በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ግን ምንም ቢደረግ አልነቁም። ቦታቸው የዚያች ስርጉድ ጎረቤት ነው።

ዓይን የማያየው ጉዳት

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በበጋ፣ አየሩ ደረቅ በሚሆንበት ወቅት፣ ብርድ ልብስ ሲገፍፉ ጠስ ጠስ የሚል ብልጭታ አይተው ያውቃሉ? ሰው ይህን ንዝረት የሚሰማው ሰውነቱ ላይ 3,000 ቮልት አካባቢ ሲጠራቀም ነው። ስስ የሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ግን ከ100 ቮልት በታች በሆነም ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ እርስዎ ምንም ሳይሰማዎት ዕቃው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ክፋቱ ደግሞ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ላይገድለው ይችላል፤ አቁስሎት ከሳምንታት በኋላ ያለ ምክንያት እየጠፋ መነሣት ይጀምራል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ምንጣፍ ላይ ቆመው አይሥሩ፣ የሱፍ ሹራብዎን ያውልቁ፣ ዕቃ ከመንካትዎ በፊት ቀለም ያልተቀባ ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ይንኩ፣ ራምና ኤስኤስዲ ሲይዙ በጠርዛቸው ይያዙ። ከከፈቱ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ደግሞ ሰነድዎን በየቀኑ ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ባለሙያ ዘንድ

የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ራስዎን አይመኑ፤ ያበጠ ባትሪ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ቻርጀር ሲሰካ በአንድ ቦታ ቶሎ የሚግል ማዘርቦርድ፣ የተሰበረ ሶኬት፣ እንደ እኔው የተወጋ ሰሌዳ።

ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን ይዤ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ወዳለ ወጣት ጠጋኝ ሄድሁ። በመንገድ ላይ ሳስብ የነበረውን ልናዘዝ፤ «በራሱ ነው የተበላሸው» ልለው ነበር። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሲመለከት ግን አፍሬ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት፤ ያችን የተጠርጣሪዎች ዝርዝርም ሰጠሁት። ሳቀ።

«ጋሼ፣ ከፍተው ማምጣትዎ አይደለም እኔን የሚያስቸግረኝ። ከፍተው አልከፈትንም የሚሉኝ ናቸው። እነሱ የዋሹትን ስፈልግ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ሒሳቡንም እነሱ ናቸው የሚከፍሉት» አለኝ።

ከሥሯ ሁለት መስመር መቆረጡን አሳየኝ። በቀጭን ሽቦ ሊቀጠል እንደሚችል፣ ነገር ግን ሥራው አጠገብ ያለውን ሊነካ ስለሚችል እህቴ ጽሑፏን እስክታቀርብ ድረስ እንዲቆይ መከረኝ። ገንዘብም አልተቀበለኝም።

የቀረው ከባዱ ሥራ ነበር። ማታ ቤቷ ሄጄ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና ከቅዳሜ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ።

«ለዚህ ነበር ኮፒ አለው ወይ ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ያኔውኑ ብትነግረኝ ኖሮ ለአማካሪዬ የላክሁት የመጨረሻው ምዕራፍ ኢሜይሌ ውስጥ አለ እልህ ነበር። ሁለት ሌሊት በከንቱ ነው የተጨነቅኸው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው እውነት ነው። ጽሑፏን በቀኗ አቀረበች። ላፕቶፑ ዛሬም ይሠራል፤ አይግልም፣ አይጮኽም። በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ግን እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ናቸው፤ «አሁን ይነካና ሌላ ይበላሽ?» ብላ አላስቀጠለችውም። በግራ በኩል የምትሰካውን ማብዣ የገዛሁላት እኔ ነኝ።

እርስዎም ላፕቶፕዎን ለመክፈት ካሰቡ አስቀድመው ሰነድዎን ይገልብጡ፣ 48ቱን አሃዝ ይጻፉ፣ ብሎኖቹን በወረቀት ላይ በየቦታቸው ይደርድሩ፣ በየደረጃው ፎቶ ያንሡ። ከፍተውት ከሆነም በእርጋታ ይፈትሹ። ላፕቶፑ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ካቻቢቴውን ከማንሣትዎ በፊት ባለቤቱን ይጠይቁ። ቸር ይግጠመን!